የሩቁ ትምህርት ቤት

እንቅልፍ ዛሬም እንቢ ብሎታል። ሌሊቱን የትምህርት ቤቱን በር ሲጠብቅ ያደረ ሰው በቀትር መተኛት ነበረበት፤ ካርቱምም ብትሆን በዚህ ሰዓት ሱቋን ዘግታ፣ ውሾቿ ሳይቀሩ ግድግዳ ሥር ተዘርግተው፣ ጭጭ ብላለች። ኑርሑሴን ግን ከበሩ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል፣ በገመድ አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ የቆርቆሮው ጣራ በሙቀት ሲንቋቋ ይሰማል፤ በከንፈሩም ብቻ፣ ድምፅ ሳያወጣ፣ አንድ ነገር ይለማመዳል። ሐጂ፣ ወክየዎታለሁ። የልጄን ኒካሕ እርስዎ ይሰሩልኝ፤ ስሟን ሲጠሩ ግን ሸምሲያ ኑርሑሴን ብለው ይጥሩልኝ። ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም። ሕፃን ልጅ ይዞት የሚሮጠው መልእክት ነው እኮ፤ ታዲያ የመጀመሪያውን ግማሽ ሲል ሁለተኛው ለምን ይጠፋበታል? ይገላበጣል፣ ገመዱ ጎኑን ይቆረቁረዋል፣ ተመልሶ በጀርባው ይተኛል፣ እንደገና ይጀምራል። ዛሬ ዓርብ ነው። የዐስር ሶላት ከተሰገደ በኋላ ስልክ ቤት ሄዶ ባሕር ዳር ይደውላል፤ እስከዚያ ቃሉን አፉ ላይ ማጽናት አለበት።

መልእክቱን ያመጣለት በመተማ በኩል የሚመላለስ አንድ የባሕር ዳር ነጋዴ ነው። በጽሑፍ አይደለም፣ በቃል ነው፤ በዚያ ዘመን ወረቀት ይዞ ድንበር የሚሻገር አንገቱን የጠላ ሰው ብቻ ነበረ። ሐጂ መስዑድ እንዲህ ብለውሃል አለው ነጋዴው፣ እንዳይረሳው በመንገድ ሁሉ ሲደግመው የመጣ ይመስላል። «ሸምሲያን የወረታ ሰዎች ለልጃቸው ለኢስሀቅ ለምነው ተፈቅዶላቸዋል። ኒካሑ እሑድ ነው። ሰዎቹ የእኔ ልጅ ትመስላቸዋለች፣ ከሞተችው የመጀመሪያ ሚስቴ የወለድኋት። በኒካሕ ላይ ግን ልጅን ባልወለዳት አባት ስም መጥራት እኔ እፈራለሁ፣ አላህ አለ። ያንተን ስም ከጠራሁ ደግሞ የታንኳ ሰው ልጅ መሆኗን ያውቃሉ፣ ተነሥተው ይሄዳሉ። አባቷ አንተ ነህ፤ ምረጥና ዓርብ ደውል።» ምረጥ! አሁንስ ሳቁ መጣ፤ ከሳቁ ጋር እንባው። አንድ ጊዜ መርጦላት ነበረ እኮ። መርጦ ያየውን አየ።

ትናንት ጧት እንኳ ሊተኛ ሲገባ፣ የምዝገባ ሳምንት ነውና፣ አባቶች ልጆቻቸውን በእጃቸው እየያዙ በሩ ላይ ተኮልኩለው ነበር። ዐም ኑር ይሉታል፣ አጎቴ ኑር እንደ ማለት፤ ዘበኛ ሁሉን ያውቃል ብለው እሱን ይጠይቃሉ። መምህራኑ ይማታሉ? ውኃው ንጹሕ ነው? ከልጄ ጎን የሚቀመጡት የማን ልጆች ናቸው? ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ በዐረብኛም ሆነ በአማርኛ አንድ ናት። አባት ለልጁ ትምህርት ቤት የሚመርጥ ይመስለዋል እንጂ የሚመርጠው ጎረቤት ነው፣ አጠገቧ ማን ተቀምጦ ማን ይነሣ እንደሆን ነው። ኑርሑሴን ይህን አሳምሮ ያውቀዋል፤ እንድትነሣ የተፈረደባት የእሱ ልጅ ነበረችና።

ጣና ዳር፣ ከከተማው ፈንጠር ብሎ፣ ደንገል አጭደው ታንኳ የሚያስሩ፣ ዓሣ የሚያወጡ ሰዎች መንደር አለች። እዚያ የተወለደ ሰው ከሌላ ሰው ጣሳ ውኃ አይጠጣም፣ ከእሱም ጣሳ የሚጠጣ የለም፤ ጉማሬ በሊታ ይሉታል፣ የጉማሬ ሥጋ ቀይ ይሁን ነጭ የማያውቀውን ሕፃን ሳይቀር። ሸምሲያ ስትደርስ ኑርሑሴን ለመንደሩ ወደሚቀርበው ትምህርት ቤት ይዟት ሄደ። ንጉሡ ወርደው፣ አብዮቱ ፈንድቶ፣ ሁሉም እኩል ነው ተብሎ በየግንቡ በቀይ ቀለም የተጻፈበት ጊዜ ነው፤ እሱ ፊደል አይቆጥርም፣ ሲነበብለት ግን አመነ፣ ለምን አያምንም? ጥቂት ቀን ቆይቶ ዓሣ አድርሶ ሲመለስ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ስንጥቅ አጮልቆ ያያል። ልጆቹ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል፤ የእሱ ልጅ ከሁሉም ኋላ፣ ለብቻዋ፣ ድንጋይ ላይ ናት። ወላጆቹ ተሰብስበው መጥተው ወይ እሷ ወይ የእኛ ልጆች ብለው ነው፤ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ቸግሮት ነው። በእረፍት ሰዓት አንዲት ሴት ማሰሮዋን ከፍ አድርጋ በሸምሲያ እፍኝ ላይ ውኃ ታንጠባጥብላታለች፣ እንዳትነካት። ልጅቱ ጠጣች፣ አፏን በክንዷ ጠረገች፣ ሴትዮዋን ቀና ብላ አይታ ሳቀች። እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሣው ያ ሳቅ ነው። ስላልገባት ነው የሳቀችው፤ የሚገባት ቀን ሳይመጣ ከዚህ አወጣታለሁ ብሎ እዚያው ግድግዳው ሥር ቆረጠ።

ሚስቱ ከሪማ ግን አልተስማማችም። «ድንጋዩ ላይ ትቀመጣ! ድንጋይ ቂጥ አይበላ፤ ማታ ማታ ቤቷ ትግባልኝ እንጅ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?» «ያንችን ድንጋይ ልታወርሻት ነው?» «እኔም ተቀምጨበት አደግሁ፣ አልሞትሁም። ልጄን አስተምርልኝ አልሁህ እንጅ ለሰው ስጥልኝ አልሁህ?» አይ ከሪማ፣ ሞኝ ትመስለው ነበር። ሐጂ መስዑድ በባሕር ዳር የታወቁ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ከደቅ ደሴት ሲመለሱ ማዕበል ይዟቸው ኑርሑሴን በታንኳው ከሞት አፍ አውጥቷቸዋል፣ ከዚያ ወዲህም በልቶ ካልሄደ የማይለቁት ሰው ሆነዋል። በዕድሜው አንድ ጊዜ ውለታ ጠየቃቸው። «ሐጂ፣ ልጄን ከተማ ያስተምሩልኝ። በእኔ ስም ከገባች ድንጋዩ እዚያም ይከተላታል፤ በእርስዎ ስም ትግባልኝ።» ሐጂም፣ «ኑርሑሴን፣ ስም እንደ ጋቢ ተውሰው የሚመልሱት መሰለህ?» አሉት። «ትምህርቷን ስትጨርስ እመልሳለሁ» አላቸው። ይህን ብሎ ነበር፣ አዎ፣ በዚሁ አፉ ብሎ ነበር፤ አሁን እንግዲህ መመለሻው ቀን መጣ። ተነሥቶ በሩ ጥግ ካለችው ጋን ውኃ ቀድቶ ይጠጣል። ውኃው ለብ ያለ ነው።

የምዝገባውን ቀን እንደ ዛሬ ያየዋል። ትምህርት ቤቱ ከገበያው በላይ ነው፤ ሐጂ ልጅቱን ይዘው ጠረጴዛው ፊት ቆመዋል፣ ኑርሑሴን የዓሣ ቅርጫቱን ታቅፎ ከአጥሩ ውጭ ነው። የልደት ወረቀት ማን አለው፤ የልጅ ዕድሜ የሚለካው በክንድ ነው፣ እጇን በአናቷ ላይ አሻግራ ማዶ ያለውን ጆሮዋን ከነካች ደርሳለች፣ ካልነካች ለከርሞ ትመለስ። ሸምሲያ ክንዷን ታነሣለች፣ ታሻግራለች፣ ጣቷ ከጆሮዋ ሊደርስ ትንሽ ይቀረዋል። ኑርሑሴን ከአጥር ውጭ ሳያውቀው የራሱን ክንድ አንሥቶ ይንጠራራል፣ ትንሽ ነው፣ አይዞሽ፣ ትንሽ። አንገቷን ሰበር አድርጋ ነካችው። «ጎሽ! የአባት ስም?» አሉ መዝጋቢው። ሐጂ ዞረው ወደ አጥሩ አዩ፤ ኑርሑሴን በአገጩ ይጻፉት እንጂ አለ፤ ሸምሲያ መስዑድ ተብላ ተጻፈች። ያች ጣት ባትደርስ ኖሮ! ባትደርስ ኖሮ ልጅቱ ለዚያ ዓመት ወደ ቤቷ ትመለሳለች፣ አንድ ዓመት ከእናቷ ጋር ደንገል ስትጎትት ትከርማለች፣ ዓመት ደግሞ ምን አላት? ያን ቀን ግን ደስታው ሊጥለው ነበር፤ ቅርጫቱን አስቀምጦ አጥሩን ይዞ አለቀሰ።

ከዚያ ወዲህ ሸምሲያ ሐጂ ቤት ሆነች፤ የሐጂ ሚስት ራሂማ እንደ ልጇ ያዘቻት፣ ክፉ አላየችም። ኑርሑሴን በገበያ ቀን ዓሣውን ይዞ ከተማ ሲገባ ልጅቱ ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር በዚያው ታልፋለች። ስለዚህ አስተማራት። እንግዲህ አባት ልጁን ብዙ ነገር ያስተምራል፣ መዋኘት፣ መቅዘፍ፣ ለታላቅ መነሣት፤ እሱ አባቷን አለማወቅን አስተማራት። «ከልጆች ጋር ስታልፊ እንዳታውቂኝ። ሰላም እንዳትይኝ። ድንገት ካናገርሁሽ ጋሼ ነኝ፣ አባ አይደለሁም።» ልጅቱ አሰብ አድርጋ፣ «ታዲያ አባ፣ እንዳየሁህ በምን ታውቃለህ?» አለችው። ይህን አላሰበውም ነበር። ዙሪያውን አየ፣ እሷን አየ፤ «ጆሮሽን ንኪ» አላት፣ «ያን ቀን እንደነካሽው።» እናም በየገበያው ቀን፣ ሴቶቹ ዓሣ ሲያገላብጡበት፣ ሰማያዊ የደንብ ልብስ የለበሱ ልጆች እየተሳሳቁ ያልፋሉ፤ ከመካከላቸው አንዷ ራሷን የምታክክ መስላ ክንዷን በአናቷ ታሻግርና ጆሮዋን ነካ አድርጋ ትሄዳለች። አንድ ጊዜ ጓደኛዋ አፍንጫዋን ይዛ ጉማሬ በሊታው ሸተተኝ ስትል ሸምሲያም አብራ ሳቀች፤ እየሳቀች ጆሮዋን ነካች። ጎበዝ ልጅ ነበረች፣ ያስተማሯትን አትረሳም። እሱም ቤቱ ገብቶ ለከሪማ፣ አየኋት፣ ወፍራለች አላት፤ ስለ ሳቋ አልነገራትም።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ኑርሑሴን አፍሶ ለመልቀምም አልታደለ። ዓመቱ ዞሮ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ዘማቾች እስከ ጣና ዳር ወረዱ፤ አደይ የምትባል ቀጭን ልጅ እነሱ መንደር ደረሳት። በመጀመሪያው ቀን ውኃ ጠማኝ አለች፤ ሴቶቹ ተያዩ፣ ሙስሊም ናቸው፣ የታንኳ ሰዎች ናቸው፣ አልነገሯትም ይሆን? አደይ ራሷ ከከሪማ ጣሳ ቀድታ ጠጣችና ጣሳውን አለቅልቃ መለሰች። ከዚያ የመንደሩ ሰው በደንገልና በጭቃ አንዲት ክፍል ሠራ፣ ቀበሌው መምህር መደበላት፣ ዘመቻው ሲያልቅም ክፍሏ አልቀረች፣ ትምህርት ቤት ሆነች። የታንኳ ሰው ልጆች ሁሉ መሬት ላይ፣ እኩል፣ አንድ ላይ ተቀምጠው ሀ ሁ ሲሉ ድምፃቸው ውኃው ላይ ድረስ ይሰማል፤ ኑርሑሴን መረቡን እየጣለ ይሰማዋል። ከሪማ ምንም አላለችውም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። በማግስቱ ከተማ ሄደ፣ ልጄን ልወስድ ነው ሊል፣ ለሐጂም የሚለውን በመንገድ ሲያስብ ነበር። ሸምሲያ ጓሮ ውስጥ ብቻዋን ነበረች፤ ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመችና፣ «አባ፣ ሁለተኛ ወጣሁ እኮ! ከዚያ ሁሉ ልጅ!» አለችው፤ ደብተሯን ገልጣ አሳየችው፣ እሱ ደግሞ እንደሚያነብ ሰው ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አየላት። የመጣበትን ሳይናገር ተመለሰ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ ነው፤ ያም ሆኖ እሱ የቆጡንም ያየ መስሎት ነበር።

ከሪማን ወባ የወሰዳት ሸምሲያ ኮረዳ ከሆነች በኋላ ነው። ሐጂና ራሂማ ለቅሶ ሲደርሱ ብዙ የከተማ ሴቶች አብረዋቸው መጡ፤ ሸምሲያም ከእነሱ ጋር መጣች፣ እንደ እንግዳ፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ። የመንደሩ ሴቶች ያውቋታል፣ ዝም አሉ፤ በዚያ ዝምታቸው ባረካቸው፣ በዚያ ዝምታቸው ጠላቸው። ልጅቱ ከከተማ ሴቶች ጥግ ተቀመጠች፤ እናቷ የምትተኛበት መደብ ፊት ለፊቷ ነው፤ አላለቀሰችም፣ ማን ሞቶባት ታለቅሳለች? ክንዷን ግን በአናቷ ላይ አሻግራ ጆሮዋን ያዘች፣ ይዛም ቀረች፣ ለቀስተኛው እስኪነሣ ድረስ አላወረደችውም። ራሷን አሟት ነው አለች አንዷ። ይህን እያሰበ ኑርሑሴን የራሱን ጆሮ ይዟል፤ ላቡ በክንዱ ይወርዳል።

ከዚያ አፈሳው መጣ። ወጣት ሁሉ ከገበያ፣ ከመንገድ እየታፈሰ ወደ ጦር ሜዳ ሲጫን አንዳንዶቹ ወደ ሐይቁ ሮጡ፤ ኑርሑሴን በታንኳው ደንገሉ ውስጥ ደበቃቸው፣ ምን ያድርግ፣ የሰው ልጆች ናቸው። አንዱ ተይዞ ስሙን ጠራ። ሊይዙት ሲመጡ እሱ በታንኳ ወደ ደልጊ፣ ከደልጊ በእግሩ ወደ መተማ፣ ከዚያ ገዳሪፍ፣ ከዚያ እዚህ። የገበያ ቀን አልነበረም፤ ሊሰናበታት አልቻለም። ዛሬ ሸምሲያ መምህርት ሆናለች አሉት፣ ያውም እዚያው፣ ጆሮዋን በነካችበት ትምህርት ቤት። ታዲያ ክፉ ሆነባት? አልሆነባትም። ሰው ሆነችለት። ስለዚህ አሁን ይመልሳል፣ ስሟን ይመልሳል፤ የወረታዎቹ ከሄዱ ይሂዱ፣ የሷ መሆን ያለበት ሰው አይሄድም። ሐጂ፣ ወክየዎታለሁ። ስሟን ሲጠሩ ግን። ስሟን ሲጠሩ ግን። ሙአዚኑ ጠራ፤ ተነሣ፣ እጅ እግሩን ታጥቦ ውዱእ አደረገ።

ስልክ ቤቱ የሰው ላብና የሲጋራ ሽታ ያፈነው አዳራሽ ነው። ቁጥሩን ለጸሐፊው ሰጥቶ ግድግዳ ሥር ተቀመጠ፤ ሌሎች ተጠሩ፣ ገቡ፣ ጮሁ፣ ወጡ። «ያ ሐበሺ!»፣ አንተ ሐበሻ፣ ሲባል ዘሎ ሳጥኗ ውስጥ ገባ። መስመሩ ውስጥ ነፋስ አለ፣ ከነፋሱ ወዲያ ከአዲስ አበባ መስመሩን የምታገናኝ ሴት ድምፅ፣ «ባሕር ዳር ቀርቧል፣ ይናገሩ!» ከዚያ ሐጂ፣ እርጅና በገባው ድምፅ፤ «አቤት፣ ሐጂ መስዑድ ነኝ። እንግዶች አሉኝ፣ የወረታ ሽማግሎች እዚሁ ሱቅ ተቀምጠዋል። ስማ፣ ከምን ደረስህ?»

ኑርሑሴን አፉን ከፈተ። «ሐጂ፣ ወክየዎታለሁ» አለ፣ ይህ በቀላሉ ወጣ። ቀጥሎ ያለውን ግን፣ ከቀትር ጀምሮ ሲፈጨው የዋለውን፣ አላለውም፤ የረሳው አይመስልም፣ ድንገት ሌላ ነገር ታየው። «ስሙን እሷን ይጠይቁልኝ። ትምህርት ቤቱን ስመርጥ አልጠየቅኋትም፤ ይህን እንኳ ትምረጠው።»

«እዚሁ ናት፣ ነገሩን ታውቀዋለች፣ እሷው ትንገርህ» አሉ ሐጂ። ከዚያ እጀታው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተሰማው፣ የልብስ ኮሽታ፣ በሩቁ የሰዎች ሳል። «ሄሎ» አለች አንዲት ሴት። ድምፁ የከሪማ ነበር። አምላኬ፣ የከሪማ ድምፅ። «ሄሎ፣ ማን ልበል?»

«ኑርሑሴን ነኝ» አላት።

«እንዴት ከረሙ ጋሼ?» አለች። ነፋሱ ነፈሰ። ትንፋሿ ቅርብ ነው፣ በረጅሙ ትስባለች፣ ትቆያለች፣ ትለቃለች። አዲስ አበባ ያለችው ሴት በመካከል፣ «ይናገሩ እንጂ!» ብላ ተቆጣች። ያን ጊዜ ሸምሲያ ከንፈሯን ወደ እጀታው አስጠግታ፣ «ጋሼ» አለች፣ «ጆሮየን ነክቻለሁ።»

ሱቁ ውስጥ ያሉት ሽማግሎች ሙሽራይቱ ክንዷን በአናቷ አሻግራ ጆሮዋን ይዛ ያያሉ፣ መስመሩ አልሰማ ብሏት ነው ይላሉ። እሱ ግን ገባው። ምርጫዋን ነገረችው። አይቼሃለሁ፣ አልጠራህም። እሱ ራሱ ያስተማራት ነው፤ ጎበዝ ተማሪ ናት፣ ሁለተኛ የወጣች ልጅ። ሊቆጣት ፈልጎ አልነበረም፤ ሊያለቅስ እንጂ።

«አይቸሻለሁ ልጄ» አላት።

ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተመለሱ። «እንግዲህ በእኔ ስም ይሁን ነው?» «በእርስዎ ይሁን። ወንጀሉም ካለው በእኔ ይሁን።» ሐጂ አንድ ነገር ሊሉ ጀመሩ፣ ኑርሑሴን ብለው ስሙን ሲጠሩ መስመሩ ተቆረጠ። እሱ እጀታውን ይዞ ቆየ፤ ውጭ ያለው ባለተራ መስታወቱን እስኪያንኳኳ ድረስ ቆየ።

በማግስቱ ቅዳሜ ምዝገባው እንደቀጠለ ነው። ኑርሑሴን ሌሊቱን ጠብቆ አድሮ ክፍሉ አልገባም፤ በሩ ላይ ዱካ ስቦ ተቀመጠ። አንድ ሸማኔ የሚመስል ከሲታ ሰው ልጁን በእጁ ይዞ ከሰልፉ ኋላ ቆሟል፣ ልብሷን ዛሬ አጥበው ያለበሷት ናት፤ ሰውየው ሌሎቹን ወላጆች፣ የሌሎቹን ልጆች ጫማ ያያል። ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ቀንሶ ጠየቀው።

«ዐም ኑር፣ እዚህ ብትገባልኝ ይሻላታል?»

«ቤታችሁ ወዴት ነው?»

«ሩቅ ነው፣ ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ። እዚህ ዘመድ ቤት ትቀመጣለች። እዚያም አለ ትምህርት ቤት፣ ግን ጭቃ ቤት ነው፣ የሰፈራችን ልጆች ናቸው፣ ታውቃለህ።»

«እዚያ ከሆነ ማታ ቤቷ ትገባለች?»

«ትገባለች እንጂ፣ አጠገባችን ነው።»

ኑርሑሴን ልጅቱን አየ። በተሰባበረው ዐረብኛው፣ ቃል እየፈለገ፣ «እዚያ አስገባት» አለው። «ስሟንም በስምህ አስጽፈው።»

ሰውየው ግራ ገብቶት ትንሽ ቆመ፤ ያበደ ዘበኛ ነው ሳይል አልቀረም። ከዚያ ሰልፉን ትቶ፣ ልጁን ይዞ፣ በመጣበት ተመለሰ። ኑርሑሴን ከዱካው ተነሥቶ በዓይኑ ተከተላቸው። የመንገዱ ጥግ ላይ ልጅቱ እጁን አስለቅቃ ወደ ፊት ሮጠች፣ ዞራም፣ ሰልፈኛው ሁሉ እስኪሰማት ድረስ፣ አባቷን «ያባ!» ብላ ጠራችው።